ሁለቱ 1967ዎች፦ የአንድ መንፈቅ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት የጉዳይ ጥናት

የመሬት ይዞታ ታሪክ የሚያስተምረው መምህር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የታረመ ወረቀት ይዞ ላይብረሪ መጣ። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ «ጋሼ፣ እስቲ ይችን አንብባት» አለና በቀይ እስክሪብቶ የከበባትን አንቀጽ ዘረጋልኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጽሑፍ ነው። እንዲህ ይላል፦ በ1967 አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ የጎጃም ገበሬ ግን አዋጁን ተቃውሞ አመፀ፤ ስለዚህ ደርግ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ሁለተኛ አዋጅ አውጥቶ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ።

ሦስቱም ዓረፍተ ነገር የግርጌ ማስታወሻ አለው። ሦስቱም ምንጭ በእውን ያለ ነው፤ ማንም ከሜዳ አልፈጠረውም። ታሪኩ ግን የለም። እንዲህ ያለ ነገር በዚች አገር አልሆነም።

«እናንተ ላይብረሪ ውስጥ የምታስተምሯቸው ምንድን ነው?» አለኝ። «አንተስ ክፍል ውስጥ?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። ተማሪዋ ከአንድ ወር በፊት እኔው ራሴ በሰጠሁት የመረጃ ፍለጋ ሥልጠና ላይ ተገኝታ እንደነበር አስታወስኩ። የፊርማ ወረቀቱን አውጥቼ አየሁ። ስሟ ከላይ ሁለተኛው ላይ አለ።

ስለ ኮሌጁ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ስሙንም አልጠራም፤ ጉዳዩ በብዙ ቦታ ያለ ስለሆነ አንዱን ለይቶ ማሳጣት ይሆናል። ከአዲስ አበባ ውጭ ነው፤ ላይብረሪው ከፈተና በፊት ባሉት ሳምንታት መቀመጫ የማይገኝበት፣ በቀረው ጊዜ ግን ተማሪው የራሱን ሃንድአውት ይዞ መጥቶ የሚያነብበት ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። ይህን ስል ማሾፌ አይደለም። ለአብዛኛው ተማሪ ላይብረሪ ማለት ወንበር፣ መብራትና ዝምታ ነው፤ ዶርም ውስጥ ሦስቱም አይገኙምና ይህም ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፍ ፍለጋ የሚመጣው ግን ጥቂቱ ነው።

ያስተማርን ይመስለን የነበረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የፍሬሽማን ኦሬንቴሽን፦ በመጀመሪያው ሳምንት መቶ ምናምን ልጅ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ «ይህ ሰርኩሌሽን ነው፣ ያ ሪዘርቭ ነው፣ ቦርሳ ወደ ውስጥ አይገባም» ተብሎ በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁለተኛው ያ የእኔ ሥልጠና ነው። ለእሱ ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ኤሌክትሮኒክ መጽሔት እንዴት እንደሚፈለግ፣ ቃላት እንዴት እንደሚጣመሩ፣ ማጣቀሻ እንዴት እንደሚጻፍ በፕሮጀክተር ላሳይ ነበር። ኔትወርኩ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሄደ። ስክሪን ላይ የቀረውን የቆመ ገጽ በጣቴ እያሳየሁ «እዚህ ጋ ብትጫኑ ኖሮ…» እያልኩ አንድ ሰዓት ተናገርኩ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ያለው ስል አንድ እጅ ተነሣ፦ «ጋሼ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ስንት ነው?»

ያን ቀን ጥፋቱን በኔትወርኩ ላይ አላከክሁት። አሁን ሳስበው ኔትወርኩ ቢኖርም ለውጥ አልነበረውም። ልጆቹ በዚያ ሰዓት የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም። ጥማት ለሌለው ሰው የምንጩን መንገድ ነበር የማሳየው።

የሙያችን ሰዎች ይህን ቀድመው አይተውታል። ፓትሪሺያ ናፕ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ዲትሮይት ውስጥ፣ የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል በነበረው ሞንቲት ኮሌጅ፣ የላይብረሪን ትምህርት ከመደበኛው ኮርስ ጋር ለማዋሓድ ሞክራ ነበር። ያገኘችው ነገር የላይብረሪ ሥራ ከኮርሱ ጋር ካልተገመደ ተማሪው እንደ ትርፍ ሸክም ያየዋል፣ ቁልፉም ያለው በመምህሩ እጅ ነው የሚል ነው። ኢቫን ፋርበር ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ በምትገኘው ሪችመንድ ከተማ፣ በኧርላም ኮሌጅ፣ ከ1962 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ላይብረሪውን ሲመራ ይህንኑ ቋሚ ሥርዓት አደረገው፤ ላይብረሪያኑ ክፍል የሚገባው ተማሪው የሚሠራው ጽሑፍ ሲታዘዝ ነው፣ የሚያስተምረውም ለዚያ ጽሑፍ የሚያስፈልገውን ነው። ይህን አንብቤው ነበር። ማንበብና ማድረግ ግን ለየቅል ናቸው፤ እኔም ያነበብኩትን ትቼ ፕሮጀክተር ነበር የተሸከምኩት።

ለመምህሩ ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጠኝ አልኩት። «ኮርሱን መጨረስ አለብኝ፣ ርስትና ጉልት እንኳ ገና አላለቀም» አለ። እኔም ወረቀቷን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱን ክፍለ ጊዜ ፈቀደ፤ እኔ ደግሞ ሌላ ጨመርኩ፦ ከመቶው 10 ማርክ ለፍለጋ ማስታወሻ ይሁን። ተማሪው ምን እንደፈለገ፣ የት እንደፈለገ፣ ምን አጥቶ ምን እንዳገኘ በራሱ ቃል የሚጽፍበት ሁለት ገጽ። ያለ ማርክ የሚሠራ ተማሪ ካለ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ እኔ ግን አላየሁም።

ክፍል ከመግባቴ በፊት ግን ልጅቷን ጠራኋት። እየፈራች መጣች፤ ቀይ እስክሪብቶውን አይታለች። «ልጄ፣ ልቆጣሽ አይደለም፤ እንዴት እንዳገኘሽው ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። ስልኳን አወጣች። አንደኛው ምንጭ ከቀደመ ባች የወረሰችው፣ በፎቶኮፒ ብዛት ፊደሉ የደበዘዘ የአማርኛ ሃንድአውት ነው፤ «አዋጅ ቁጥር 31/1967» ይላል። ሁለተኛው በቴሌግራም የተላከላት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ የገጠር መሬት የሕዝብ የሆነው በ1975 ነው ይላል። ሦስተኛው ሌላ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ በ1967 የወጣ ሕግ ጎጃም ውስጥ አመፅ እንዳስነሣ ይተርካል። «ጋሼ፣ ሦስቱንም ተጽፎ ነው ያገኘሁት፤ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እዚህ ላይ ነው የእኔም የመምህሩም ግምት የተገለበጠው። ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም፤ ሦስት ምንጭ አንብባ በቅን ልቦና አስታርቃቸዋለች። አንድ ቁጥር የተጻፈበትን አቆጣጠር መጠየቅ እንዳለባት ነው ማንም ያልነገራት። ሦስቱ ምንጮች ሦስት እውነት ይናገራሉ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጁ ማርች 4 ቀን 1975 ይለዋል። የጎጃምን ገበሬ ያስቆጣው ደግሞ በንጉሡ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ነው፤ አመፁም በእኛ አቆጣጠር 1960 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል። ሁለት 1967ዎች አሉ ማለት ነው፤ ሁለቱም ስለ ገበሬ፣ ሁለቱም ስለ ሕግ። ከነዚህ መሃል ገብቶ የማይደናበር ካለ አቆጣጠሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ነው።

ለክፍሉ ጽሑፏን እንደ ምሳሌ ልጠቀምበት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ስሜ እስካልተነሣ» አለች።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ፕሮጀክተር ነበር። ከመጋዘን የ1967ቱን የነጋሪት ጋዜጣ፣ ማለትም አዋጆች የሚታተሙበትን የመንግሥት ጋዜጣ፣ ጥራዝ አወጣሁ፤ 34ኛው ዓመት ነው። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1934 ዓ.ም. ስለሆነ ሒሳቡ ይገጥማል። አቧራውን አራግፌ የአዋጁን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶኮፒ አስነሣሁና ለየቡድኑ አደልኩ። ነጋሪት ጋዜጣን ለማያውቅ ሰው ገጹ እንዲህ ነው፦ በአንድ ረድፍ አማርኛው፣ ጎን ለጎን በሌላው ረድፍ እንግሊዝኛው ይወርዳል፤ አማርኛው 31/1967 ሲል እንግሊዝኛው 31 ብሎ 1975 ይላል። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ «ይህ ገጽ ላይ ያለው ስንት አዋጅ ነው?»

ዝም አሉ። ከኋላ አንዱ በጣም ተማምኖ «ሁለት ነው፤ አማርኛው የቆየው ነው፣ እንግሊዝኛው የተሻሻለው» አለ። ጥቂቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ልስቅ አልኩና ተውኩት፤ ምክንያቱም ልጁ ያደረገው ልጅቷ ያደረገችውን ነው። ሁለት ቁጥር ሲለያይ የኋለኛው ማሻሻያ ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ሁለቱን ረድፎች አንቀጽ ባንቀጽ እንዲያነቡ አደረግኋቸው። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ ይዞታ አይሰጠውም የሚለውን በሁለቱም በኩል አገኙት። መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ ለመያዣም አይሰጥም የሚለውንም እንዲሁ። አንዲት ልጅ ቀና ብላ «እንዴ፣ አንድ ናቸው እኮ!» አለች፤ ክፍሉ ተንጫጫ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ የእኔ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሰመርን፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የፈረንጅ። ንጉሡ ከዙፋን የወረዱበትን መስከረም 2 ቀን 1967ን አስቀመጡ፤ ከታች ሴፕቴምበር 12 ቀን 1974 መጣ። ቀጥለው የካቲት 25 ቀን 1967ን ሲያስቀምጡ ከታች 1975 ሆነ። በእኛ አንድ ዓመት ውስጥ ያሉ ሁለት ቀኖች በፈረንጁ ሁለት ዓመት ውስጥ ገቡ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ነው የሚለውን ደንብ እያንዳንዳቸው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያውቁታል፤ ማወቃቸውን ግን ምንጭ ሲያነቡ አይጠቀሙበትም ነበር። ቀንና ወር የሌለው ዓመት ብቻ ከሆነ በእርግጠኝነት መለወጥ አይቻልም፤ ለዚህ ነው ጥንቁቅ ጸሐፊዎች 1967 ዓ.ም.ን 1974/75 ብለው የሚጽፉት። ይህችን እዝባር ሁሌም ያዩአታል፣ ጌጥ ነበር የምትመስላቸው።

መለኪያም ላይ ይኸው ችግር መጣ። የገበሬ ማኅበር የሚቋቋመው በ20 ጋሻ ነው የሚል ማስታወሻ የያዘ ቡድን 800 ሄክታር ከሚለው ቡድን ጋር ተከራከረ። ጋሻ 40 ሄክታር መሆኑን ያወቀ ከሁለቱም ቡድን አልነበረም። አንዱ ልጅ ለአያቱ ደውሎ ጠየቀ፤ እንዲህ ያለውንም እንደ ምንጭ መዝግብ አልኩት።

ከዓመተ ምሕረት ይልቅ የአዋጁን ቁጥር ያዙ ብዬ ልመክራቸው አስቤ ነበር፤ 31 ከየትኛውም አቆጣጠር ጋር 31 ነው። መምህሩ ግን ከኋላ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበርና አረመኝ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር አዋጅ ከ1 ይጀምራል፤ ደርግም በ1967 ከ1 ጀመረ፣ የሽግግር መንግሥቱም በ1983፣ ፌዴራሉም በ1987። ስለዚህ «አዋጅ ቁጥር 31» ብቻውን ከአንድ በላይ አዋጅ ነው። ቁጥሩም፣ ዓመቱም፣ አቆጣጠሩም አንድ ላይ። እውነቱን ለመናገር ያ ክፍለ ጊዜ የተሳካው በእኔ ዝግጅት ሳይሆን መምህሩ ክፍሉ ውስጥ ስለቆየ ነው። ተማሪ መምህሩ ማስታወሻ ሲይዝ ካየ እሱም ይይዛል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ስለ ስም ነበር፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ለእኔ የከበደኝም እሱ ነው። የታሪክ ምሁሩን ባሕሩ ዘውዴን ፈልጉ አልኳቸው። ላይብረሪ ካታሎግ የሚመዘግበው በራሱ ስም፣ «ባሕሩ» ብሎ ነው፤ የኢትዮጵያዊ ስም በአባት ስም አይገለበጥምና። ጉግል ስኮላር ግን «ዘውዴ» አድርጎ ባሕሩን በአንድ ፊደል ያሳጥረዋል። በልጆቹ የማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ጽሑፍ ላይማ «ባሕሩ ከዘውዴ ጋር በዚህ ይስማማል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። በሳቅ ፈረሱ። የማጣቀሻ ሶፍትዌር የሚጠቀሙትን፣ ዞቴሮ ላይ ስሙን በሁለት ሳጥን ከመክፈል በአንድ ሳጥን ሙሉውን ማስገባት እንደሚቻል አሳየኋቸው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ አባቶችን በልጆቻቸው ሥራ ከመመስገን ታድናለች።

ከዚያ ካታሎጋችን ላይ «የሕዝብ ሀብት» ብለው እንዲፈልጉ አደረግሁ። አንዱ አገኘ፣ አንዱ አጣ። ኮምፒውተሩ ለሐመሩ ሐ፣ ለሃሌታው ሀ እና ለብዙኃኑ ኀ ድምፃቸው አንድ መሆኑን አያውቅም፤ ለእሱ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሕዝብ በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ ሀብትን ደግሞ ሀብት፣ ሃብት፣ ሐብት እያሉ የሚጽፉ አሉ። ሲባዛ ዘጠኝ ነው። ለአንድ ርእስ ዘጠኝ ጊዜ መፈለግ!

«ጋሼ፣ ትክክለኛው የቱ ነው?» አለኝ አንዱ። ትክክለኛው አለ፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ማወቅ መጽሐፉን አያስገኝም። መጽሐፉን ሲመዘግብ የነበረው ሰው የትኛውን እንደጻፈ ነው መገመት ያለብህ። ያንን ስመልስለት ፊቴ ቀላ፤ ሲመዘግብ የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ እኔ ነኝና። ለዓመታት መዝገቡን የሚጽፈው በዚያ ቀን ተረኛ የሆነው ሰው ነበር፤ ደንብ አልነበረንም። አንዱን ደራሲ በሦስት ፊደል አስገብተን ልጆቹን «መፈለግ አይችሉም» እንላቸው ነበር። በሥልጠና ችግር ስም የምንሸፍነው የራሳችን የቤት ሥራ እንዳለ ያን ቀን ነው በግልጽ ያየሁት፤ ይህን ጽሑፍ ከምንም በላይ ለባልደረቦቼ የምጽፈውም ስለዚህ ነው።

የፍለጋ ማስታወሻዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ገቡ። ማንበቡ ከማስተማሩ በላይ አስተማረኝ። ከአንዱ ቡድን ማስታወሻ ላይ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጽሔት የታተመ የተባለ ጽሑፍ አገኘሁ፤ የጸሐፊው ስም የምናውቀው ሰው ነው፣ ርእሱም ልክ ለጉዳዩ የተሰፋ ይመስላል፣ ቅጽና ገጽ ሁሉ አለው። ዓመቱ ግን 1961 ይላል። መጽሔቱ መታተም የጀመረው ተቋሙ በተመሠረተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ልጁን ጠርቼ ከመወለዱ በፊት የታተመ መጽሔት ከየት አመጣህ አልኩት። ለአፍታ አሰበና «ምናልባት በእኛ አቆጣጠር ይሆናላ፣ ጋሼ» አለኝ።

ይህ መልስ ምን ያህል ደስ እንዳሰኘኝ መግለጽ ያስቸግረኛል፤ ምክንያቱም ያስተማርኩትን ነው መልሶ የወረወረብኝ። ልክም ሊሆን ይችል ነበር፤ 1961 ዓ.ም. 1968/69 ነው፣ መጽሔቱ ያኔ ነበረ። ስለዚህ አብረን ወደ መደርደሪያው ሄድን። የሁለቱን ዓመት ቅጾች አወረድንና ማውጫቸውን በጣት እየተከተልን አነበብን። የለም። በተባለው ገጽ ላይ ያለው ሌላ ጽሑፍ፣ በሌላ ሰው፣ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ልጁ ራሱ «ቻትጂፒቲ ነው የሰጠኝ» አለ።

አልተቆጣሁትም። እንዲህ ያለው ማሽን ያለውን ሳይሆን ሊኖር የሚመስለውን እንደሚጽፍ፣ ማጣቀሻ ሲጠየቅም ማጣቀሻ የሚመስል ነገር እንደሚሠራ ነገርኩት። ዋናው ግን ንግግሬ ሳይሆን ባዶው ገጽ ነበር፤ ገልጦ ያጣው ራሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ ማሽኑን ጠይቁት፣ የነገራችሁን ግን መደርደሪያው ላይ ወይም መጽሔቱ ማውጫ ላይ እስክታዩት ድረስ ወሬ ነው። አንዳንድ መምህራን ፈጽሞ ይከልከል ይላሉ። ስልኩ በኪሱ ያለን ልጅ እንዴት እንደሚከለክሉት ግን አልነገሩኝም።

ሁሉም እንዲህ አላማረም። ከማስታወሻዎቹ ውስጥ በአንድ ሌሊት ተፈብርከው የመጡ ነበሩ፤ ያስታውቃሉ። እውነተኛ ፍለጋ ዝርክርክ ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ያጣል። የተፈበረከው ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚፈልገውን በሥርዓት ያገኛል። አንዱ ተማሪ ማክሰኞ ከሰዓት በላይብረሪው ኮምፒውተር ላይ ሦስት ጽሑፎች እንዳገኘ ጽፏል። ያን ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ ላይብረሪውን በሰባት ሰዓት ዘግተን ሄደን ነበር። ሌላው ቡድን አንድ ማስታወሻ ለአራት ከፋፍሎ አስገብቷል። ማርክ ያለበት ነገር ሁሉ ይኮረጃል፤ ማርክ ካልሆነ ደግሞ አይሠራም። ለዚህ መውጫ አላገኘሁለትም።

ከመምህሩ ጋር የተጣላንበት አንድ ወረቀት አለ። ተማሪው ስለ ራሱ ወረዳ የጭሰኛ ውል ለመጻፍ ተነሥቶ ነበር። ካታሎጉን ፈለገ፣ የከፍተኛ ተማሪዎችን ቴሲስ በርእስ በርእሱ አየ፣ የአዲስ ዘመን ጥራዞችን ገለጠ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ ሰነዱ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተባለ። በመጨረሻ «ስለዚህ ጉዳይ የሚበቃ ምንጭ አላገኘሁም፤ የፈለግሁባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው» ብሎ ርእሱን አጠበበ። መምህሩ «ባዶ ወረቀት ነው» ብሎ አራት ሰጠው። እኔ ደግሞ ከክፍሉ ሁሉ ምርጡ ነው ባይ ነኝ። ምንጭ የት እንደሌለ በእርግጠኝነት ማወቅ የመኖሩን ያህል ዕውቀት ነው፤ ከእሱ በኋላ በዚያ ወረዳ ላይ የሚነሣ ሰው ከየት መጀመር እንደሌለበት ያውቃል። ተከራክረን ሰባት ላይ ተስማማን። አሁንም ቢሆን ዘጠኝ ይገባው ነበር።

ልጅቷስ? ጽሑፏን እንደገና ጻፈችው። አዲሱ አንቀጽ ከቀድሞው ረዝሞ መጣ፤ የእርሻ ገቢ ግብሩን ሕግ በንጉሡ ዘመን አስቀመጠች፣ «መሬት ላራሹ» ብለው ተማሪዎች አደባባይ የወጡበትን 1957 ዓ.ም. ጨመረች፣ አዋጅ 31ን በየካቲት 1967 ላይ አቆመች፣ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ ሐምሌ 19 ቀን የወጣውን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47ንም አከለች። ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን በቅንፍ የፈረንጁን አስገብታለች። አንድ ቦታ ላይ ሰባት መደመር ሲገባት ስምንት ደምራለች። መምህሩ ከበባት፤ በዚህ ጊዜ ግን በእርሳስ።

በሚቀጥለው መንፈቅ መምህሩ ለሦስተኛ ዲግሪ ሄደ። ኮርሱን የተረከበው ሌላ መምህር ነው። ስለ ሁለቱ ክፍለ ጊዜ ሳነሣበት በትሕትና ሰምቶኝ «ኦሬንቴሽን ይወስዱ የለም እንዴ?» አለኝ። የሠራነው ነገር በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ከዲፓርትመንቱ ጋር በጽሑፍ ማሠር ነበረብን፣ አላሠርንም። የነጋሪት ጋዜጣዋን ፎቶኮፒ ሰጥቼዋለሁ፤ እስካሁን አልደወለም።

እስከዚያው በእኛ እጅ ያለውን ይዘናል። ለደራሲ ስምና ለርእስ ፊደል የአንድ ገጽ ደንብ ጽፈን የካታሎጉን መዝገብ በፊደል ተራ እያረምን ነው፤ ሁለት ሰው፣ አርብ አርብ ከሰዓት፣ መብራት ሲኖር። ሀ አልቋል፣ ለ አልቋል፣ አሁን ሐ ላይ ነን። ኀ ገና ሩቅ ነው።